ከሚካኤል እስከ መድኃኔዓለም፦ የጎጃም ገጠር ማኅበራዊ ኑሮ በበዓላት ቀን ቆጠራ እንዴት እንደሚመራ

ከከተማ ወጥቶ በጎጃም ደጋ ወረዳዎች ለሥራ የተመደበ የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቸገረው ቀን በመቅጠር ላይ ነው። በዘር ሰሞን በወሩ 9ኛ ቀን ስብሰባ ቢጠራ ሰው አይመጣለትም፤ በ12ኛው ቀን ማሳ ለማየት ቢወጣ ደግሞ በሬ የጠመደ ገበሬ አያገኝም። ሁለቱን ቢያቀያይራቸው ኖሮ ሁለቱም ይሳኩለት ነበር፤ ምክንያቱም 9ኛው ቀን የእርሻ ቀን ሲሆን 12ኛው የሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ደግሞ የአጥቢያው ሰው ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ዙሪያ ስለሚሰበሰብ ለሁሉም የሚነገር ነገር ካለ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው። እንግዳው ሰው ይህን ሳያውቅ ሲቀር ሕዝቡን ሥራ የማይወድ አድርጎ ወደ መቁጠር ያዘነብላል። ይህ ፍርድ የተሳሳተ ነው፤ ለምን እንደተሳሳተ ለመረዳት ግን የወሩ በዓላት በገጠሩ ኑሮ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ የምገልጸው በዋናነት የጎጃምን ነው፤ በጎንደር፣ በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋማ አካባቢዎችም መሠረቱ አንድ ሆኖ ዝርዝሩ ይለያያል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የወሩን 30 ቀናት ለቅዱሳን፣ ለእመቤታችንና ለጌታ መታሰቢያ አድርጋ መድባቸዋለች። ቀኑ በገባ በ1 ልደታ፣ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ28 አማኑኤል፣ በ29 በዓለ ወልድ ይከበራሉ። በመካከል ያሉትም ቀናት ባለቤት አላቸው፤ ልዩነቱ ሁሉም በአንድ ዓይነት አለመከበራቸው ነው። ገበሬው ቀጠሮ ሲይዝ «ለማርያም ማግስት» ይላል፤ ብድር ሲወስድም «ለመድኃኔዓለም እመልሳለሁ» ብሎ ነው። በዚያ ቀን ሳይከፍል ቢቀር የሚያፍረው አበዳሪውን ብቻ አይደለም፤ የቀኑን ባለቤትም ያፍራል፤ የቀጠሮው ጥንካሬም ከዚህ ይመጣል።

በዓል በሚያዝበት ቀን የሚከለከለው ሥራ ሁሉ አይደለም። የሚከለከሉት በተለይ ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ መፍጨትና እንጨት መፍለጥ ናቸው። ከብት መጠበቅ፣ ውኃ መቅዳት፣ ገበያ መውጣት፣ ፍርድ ቤት መሄድ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ሽምግልና መቀመጥ ይቻላል፤ እንዲያውም እነዚህ ሁሉ ለበዓል ቀን የሚቆዩ ሥራዎች ናቸው። ቅዳሜም ሰንበት በመሆኗ በሬ አይጠመድባትም፤ ብዙ የገጠር ገበያም የሚቆመው በዚሁ ቀን ነው። የቅዳሜ ሰንበትነት ረጅም ታሪክ አለው፤ በ14ኛው ምዕት ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ስለ እርሷ ብዙ መከራ ተቀብለዋል፤ ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባስደረጉት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የእመቤታችን 33 በዓላት በአገሩ ሁሉ ሥር እንዲሰዱ ያደረጉትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው።

ቀኑን የሻረ ሰው የሚጠየቀው ለራሱ ኃጢአት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ጣልቃ ባልገባ ነበር። ገበሬው ግን አንድ ሰው በበዓል ቢያርስ በረዶው የሚወርደው በዚያ ሰው ማሳ ላይ ብቻ ነው ብሎ አያምንም፤ የአጥቢያውን ሰብል ሁሉ ይመታል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ማሳ ይጠብቃል፤ ደፍሮ የወጣውንም መጀመሪያ ሽማግሌ ይመክረዋል፤ ካልሰማ በካህን ይገዘታል። የትኛው ቀን ምን ያህል እንደሚጠበቅ በየአጥቢያው ስለሚለያይ፣ የጊዮርጊስ ታቦት ያለበት አጥቢያ 23ን አጥብቆ ሲይዝ ወንዝ ማዶ ያለው ሌላ አጥቢያ በዚያው ቀን ሲያርስ ሊታይ ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የግድ ሥራ የሚቆምባቸውን ታላላቅ በዓላት፣ በጸሎትና በምጽዋት ታስበው ሥራ ከሚሠራባቸው ወርኃዊ መታሰቢያዎች ለይተው ያስተምራሉ፤ መንደሩ ግን ከሊቃውንቱ ይልቅ በአያቶቹ ልማድ ይሄዳል፤ ይህንንም ልማድ በአንድ ስብከት ማንሣት አይቻልም።

እዚህ ላይ ስሌቱ መሸሸግ የለበትም። ከላይ የተዘረዘሩትን ቀናት ሁሉ የሚያከብር አጥቢያ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲጨመሩ፣ ከወሩ ግማሽ ያህሉን ቀን ሞፈርና ቀንበር አያነሣም። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ በቶሎ በሚወጣበት ዓመት ይህ በእርግጥ ይጎዳል። ነገር ግን የቀሩትን ቀናት ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉት ካላየን ስሌቱ ጎዶሎ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራ በተራ ያርሳል፤ ተራውም የሚደለደለው በዓል የሌለባቸው ቀናት እየተቆጠሩ ነው። ወንፈል የገቡ ሰዎች የጉልበት ብድራቸውን የሚመልሱት፣ ደቦ የሚጠራ ሰውም ጠላውን አስጠምቆ የሚያደርሰው ለእነዚሁ ቀናት ነው። የሥራ ቀን ጥቂትና ለሁሉም አንድ በመሆኑ በዚያ ቀን እጅ ማሰባሰብ ቀላል ይሆናል። ሰው ሁሉ በየፈለገው ቀን ቢያርስ ኖሮ ደቦ የሚጠራ ሰው ይህን ያህል እጅ በአንድ ጠዋት ማግኘቱ ያጠራጥረኛል።

የበዓላቱን ማኅበራዊ ሥራ ይበልጥ ጎልቶ የሚያሳየው ግን የጽዋ ማኅበር ነው። በአንድ ቅዱስ ስም የተሰባሰቡ ሰዎች በየወሩ በዚያ ቅዱስ ቀን በተራ በአንዱ አባል ቤት ይገናኛሉ፤ ብዙ ማኅበራት በዓመት አንድ ጊዜ ተራ እንዲደርስ አባላታቸውን በ12 ይወስናሉ፤ ከዚያ የሚበዙም አሉ። ተረኛው ሰው ቤት ውስጥ ዝግጅቱ የሚጀምረው በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ብቅሉ ይበቅላል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጥንስሱ ይጣላል፣ ቀጥሎ ድፍድፉ ተዘጋጅቶ ጠላው ይጠመቃል፤ በዋዜማው ድፎ ዳቦው ይጋገራል። በዕለቱ ጽዋው፣ ማለትም ጠላ የተሞላው የማኅበሩ እንስራ ወይም ማሰሮ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በክብር ቦታ ይቀመጣል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፣ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል፣ ጠበል ጻዲቁ ለተቀመጠው ሁሉ ይታደላል፤ ደጃፍ ላይ የቆመ ችግረኛና መንገደኛም ድርሻው አይቀርበትም።

ማኅበሩን የሚመራው ሰው ሙሴ ይባላል። የሙሴው ሥራ ሥነ ሥርዓቱን ማስጠበቅ፣ የቀረውን መቅጣትና ከሁሉ በላይ የተጣላ መኖር አለመኖሩን ማጣራት ነው። ተጣልተው የሰነበቱ ሁለት አባላት ከአንድ ጽዋ መጠጣት ስለማይገባቸው ነገሩ ሳይከር ይነሣል፤ በዳዩ ይቅርታ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ለማኅበሩ ጧፍ ወይም ዕጣን እንዲያገባ ይፈረድበታል። በዚህ መንገድ የድንበር ግፊያና የውኃ ቦይ ጠብ ወረዳ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በወሩ ውስጥ ያልቃል። ከምግቡ በኋላ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን በእልልታ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአንድ ወር ዕዳ አለበት ማለት ነው፤ ማኅበርተኞቹ ደግሞ ቤቱ ቢቃጠል ሣር አጭደው፣ ቢታመም አርሰውለት፣ ቢሞት ቀብረውት ልጆቹን ይጠብቁለታል። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚተላለፈው ይህ ሁሉ ኃላፊነት ነው። በደጋው አገር ከአክሲዮን ይልቅ ጽዋ ይታመናል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ሰንበቴም ከማኅበር ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የሚበላው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በሰንበቴ ቤት መሆኑ፣ ከማኅበርም ሰፋ ያሉ ሰዎችን መያዙ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው የቀብር ኅብረት ደግሞ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞችን አንድ ላይ ይይዛል፤ በዚያ አገር ሠርግ ሲደገስ ሙስሊም እንግዶች የራሳቸውን ከብት በራሳቸው አራጅ አርደው፣ በራሳቸው ድስት አብስለው እንዲበሉ ይደረጋል፤ ይህም ለሁለቱም ወገን እንደ ክብር እንጂ እንደ መለያየት አይታይም።

ቤተሰብን ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚያገናኘው የንስሐ አባት ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ የንስሐ አባት አለው። እርሳቸው ቤቱን ጠበል ይረጫሉ፣ ኑዛዜ ይሰማሉ፣ ለሞተው ይፈታሉ፤ ባልና ሚስት ሲጋጩም ከዘመድ ቀድመው ይጠራሉ። የቤቱን ምሥጢር የሚያውቁ ስለሆኑ ምክራቸው ከባለሥልጣን ትእዛዝ ይልቅ ይሰማል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የነፍሰ ጡር ጾም ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ሕመምተኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች የጾም ግዴታ የለባቸውም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሴቶች ጎረቤት ያየኛል ብለው ወይም በራሳቸው ፈቃድ ይጾማሉ። የጤና ሠራተኛው ስለ ደም ማነስ ቢያስረዳም ሴትየዋ የምትበላው ብዙ ጊዜ የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ አንቺስ ብይ፤ ልጁ የእግዚአብሔር አደራ ነው» ሲሏት ነው። ይህን የተረዱ የጤና ባለሙያዎች ትምህርታቸውን ከካህናት ይጀምራሉ።

ከበድ ያለ ጠብም በዚሁ ሥርዓት ይያዛል። ነፍስ የጠፋ እንደሆነ የሟች ወገን ደም እንዳይመልስ ሽማግሌዎች ካህን ይዘው ወደ ሐዘን ቤት ይላካሉ፤ መስቀል ይቀርባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች ደም ያደርቃሉ። መደበኛው ፍርድ ቤት ገዳዩን ቢያስርም ደም ካልደረቀ ወንድሙ በሰላም ገበያ አይወጣም፤ ስለዚህ ሕግ አስከባሪዎች ራሳቸው ዕርቁን የሚጠብቁበት ጊዜ አለ። ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ ካህኑ የሚያውቅ ሁሉ እንዲናገር ይገዝታሉ። የግዝቱ ኃይል ሌባውን ከማስፈራራት ይልቅ አይቶ ዝም ያለውን ጎረቤት በማስጨነቁ ላይ ነው።

ዝምድናንም ቤተ ክርስቲያን ታሰፋለች። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ለወንዱ የክርስትና አባት፣ ለሴቷ የክርስትና እናት ይቆምላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያነሣውና የወለደው አበልጅ ይባባላሉ። በአበልጆች ልጆች መካከል ጋብቻ እንደ ሥጋ ዘመድ ጋብቻ ስለሚቆጠር ነውር ነው፤ ሰዎች አበልጅ ሲመርጡም ከራሳቸው ዘር ውጭ ያለን፣ አንዳንዴም የጥንት ባላንጣ የነበረን ቤት ይመርጣሉ፤ አበልጅን መክሰስ ከባድ ነውና።

የአጽዋማቱ ሥራ ከወር በዓላት የተለየ ነው፤ ዓመቱን ይከፋፍላሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ይጀምራል፤ የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት እስከ ሐምሌ 5 ይሄዳል፤ ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለማይበላ የኑግ ዘይት፣ ተልባና ሽሮ ገበያ ይይዛሉ፣ ወተትም በርካሽ ይሸጣል ወይም ቅቤ ሆኖ ይከማቻል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ቅቤና በግ በአንድ ጊዜ ይወደዳሉ።

ሠርግም በጾም መካከል ባለው ክፍተት ይወሰናል። አዝመራ ተሰብስቦ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ጥምቀት ጥር 11 ከዋለ በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ዋናው የሠርግ ወቅት ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ስሌት የዐቢይ ጾም መግቢያ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው መካከል ስለሚወድቅ፣ ይህ የሠርግ ወቅት በአንድ ዓመት 20 ቀን ብቻ፣ በሌላ ዓመት ደግሞ ወደ 54 ቀን ሊሆን ይችላል፤ በመካከሉም የሦስት ቀን ጾመ ነነዌ ይገባል። ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል፤ አንድ ጎረቤት ሦስት ቦታ ይጠራል፤ ያልበቃው ለዳግማ ትንሣኤ ይቆያል። ብዙው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ሲሆን በቁርባን የሚጋቡት ከሌሎች ወጣቶች ይልቅ ቅስና ከመቀበላቸው በፊት የሚያገቡ ዲያቆናት ናቸው፤ ሌላው በዕድሜ ከገፋ በኋላ ባልና ሚስት ሆኖ ይቆርባል።

ይህን ሥርዓት የምወደው መሆኔን አልደብቅም፤ ነገር ግን ዋጋውን የሚከፍለው ሁሉም እኩል አይደለም። በበዓል ቀን በሬውና ባልየው ያርፋሉ፤ ሴቲቱ ግን ከሌላው ቀን የበለጠ ትሠራለች። ብቅሉን ያበቀለች፣ እንስራውን ያጠነች፣ ውኃውን ከወንዝ ያመላለሰች፣ ዳቦውን የጋገረች እርሷ ናት፤ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቤቱን የምታነሣም እርሷ ናት። የበዓሉን ረድኤት የምናወድስ ሰዎች ይህን ድካም ስንናገር አንሰማም፤ መናገር ግን ይገባናል።

ድኻውም አለ። ተራው ሲደርስ ማኅበሩን ማብላት ያልቻለ ሰው አፍሮ ከጽዋ ይወጣል፤ ከጽዋ የወጣ ሰው ደግሞ እርዳታ ሲያስፈልገው የሚቆምለት ያጣል። ተዝካር ከዚህም ይከብዳል፤ በ40ኛው ቀን፣ በመንፈቅ፣ በሙት ዓመትና በ7 ዓመት ለሟች የሚደገሰው ድግስ ሐዘንተኛውን ቤት በሬ እስከ መሸጥ ያደርሰዋል። ካህናት ጸሎቱና ምጽዋቱ እንጂ የድግሱ ብዛት ለነፍስ እንደማይጠቅም ያስተምራሉ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ግን ብዙ ጊዜ ትምህርቱን ይበልጠዋል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ በእጅ ሙያ የሚተዳደሩት፣ ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ቀጥቃጮች፣ በብዙ ቦታ ቡዳ እየተባሉ ከጽዋውም ከጋብቻውም መገለላቸው ነው፤ ለጠላው እንስራውን፣ ለእርሻው ማረሻውን የሠሩት እነርሱ ሆነው ሳለ ወንጌል የማያውቀውን አጥር አጥረንባቸዋል። ሃይማኖቱን የለወጠ ሰውም በቀብር ጊዜ የት እንደሚቀበር ጭቅጭቅ ይነሣበታል፤ የመቃብር ቦታው የቤተ ክርስቲያን፣ ቀባሪውም ማኅበርተኛው ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያጣል።

ካህኑም ቢሆን ቀድሞ የነበረው አቋም የለውም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ለአገልጋዮቻቸው የሚሆን መሬት ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ የገጠር ካህን በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ የቀረውን ከምእመኑ መባ የሚያገኝ ገበሬ ነው። የአብነት ተማሪውም ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ በዋሸራና በዲማ ጊዮርጊስ የጎጃም ቅኔ የቆየው በዚህ ቁራሽ ነው። በበዓል ቀን የሚሰጠው ምጽዋት ከበዛ ተማሪው ይከርማል፤ ካነሰ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ከተማ ይወርዳል።

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ የሚኖሩ የገጠሩ ልጆች ማኅበራቸውን አልተዉም፤ የመሥሪያ ቤት ሰዓት ስለማይፈቅድ ግን ብዙዎች የሚካኤልን ጽዋ ሚካኤል ከዋለ በኋላ ባለው እሑድ ይጠጣሉ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጠላው በለስላሳ ተተክቷል፣ ወጪውም በአባላቱ መዋጮ ይሸፈናል፤ መዋጮው ድኻውንም ሴቲቱንም አሳርፏል። ቀኑ ከቅዱሱ ቀን ሲለይ የጠፋው ነገር የቀጠሮው ጥንካሬ ነው፤ በከተማ ማኅበር የቀረ ሰው በስልክ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በገጠሩ ግን ያልመጣ ሰው ቤቱ ድረስ ተሄዶ «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል። አሁን በአንዳንድ የገጠር አጥቢያዎችም መዋጮው እየገባ ነው፤ ወጣቶቹ ሲያቀርቡት አባቶች የሚጠይቁት በመጀመሪያ አንድ ነገር ነው፦ «ተራው ይቀራል ወይስ ይኖራል?» ተራው ከኖረ፣ ጽዋውም ከቤት ቤት ከዞረ፣ ጠላው በማን ገንዘብ እንደተጠመቀ ብዙም አይከራከሩም።